ርካሹ እንክብል፣ ውዱ ኩላሊት

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ኩላሊት የተተካላቸውን ሰዎች ደም ሲወርሩ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥር ከተደረደሩት የንግድ ቤቶች መካከል ገበያ ሲቀዘቅዝ እምብዛም የማይጎዳው መድኃኒት ቤቱ ነው። የልብስ ሱቁ ደንበኛ ደመወዝ እስኪወጣ ይታገሣል፤ ካፌውም በወሩ መጨረሻ ጭር ይላል። ትኩሳት፣ ሳልና የሽንት ማቃጠል ግን የደመወዝ ቀን አይጠብቁም። ከመደርደሪያው ቶሎ ቶሎ ከሚወርዱት ዕቃዎች መካከልም አሞክሳሲሊን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲንን የመሳሰሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይገኙበታል። ዋጋቸው ከሐኪም ካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከታክሲ ወጪ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

ይሁንና በዚህ ዋጋ ውስጥ ያልተካተተ አንድ ሒሳብ አለ። እያንዳንዱ ያለአግባብ የተዋጠ እንክብል ባክቴሪያዎችን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምዳል። የመለማመዱ ዕዳ ደግሞ ገዢው ባንኮኒው ላይ ከሚከፍለው ብር ውስጥ አይቀነስም። ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ በትክክል ለማወቅ ከተፈለገ ሌላ ገበያ መመልከት ያሻል፤ እርሱም የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። የሰውነቱን መከላከያ በመድኃኒት ዝቅ አድርጎ የሚኖር ሰው፣ ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ በገባ ቀን የመላውን ሰፈር ዕዳ ብቻውን እንዲከፍል ይጠየቃል።

ከደቡብ ምሥራቅ እስከ ሰሜን ምዕራብ

ኮዬ ፈጬ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ነዋሪ አዲስ ስም አይደለም። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ለ51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲያወጣ ከሳይቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ቦታው የማን ነው በሚል የተነሣው ተቃውሞም አይዘነጋም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከተማ አስተዳደሩና የኦሮሚያ ክልል ባደረጉት የወሰን ስምምነት ሳይቱ ወደ ክልሉ ተካለለ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንንና ፉሪን አዋሕዶ የተመሠረተው የሸገር ከተማም ከክፍለ ከተሞቹ አንዱን በኮዬ ፈጬ ስም ይጠራል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከወሰኑ ይልቅ ርቀቱ ይበልጣል። የአገሪቱ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል የሚገኘው በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ነው። ኮዬ ፈጬ ያለው በተቃራኒው፣ በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው። የቤት ኪራይ ርካሽ ፍለጋ ወደ ዳር የወጣ በሽተኛ ሐኪሙን ለማግኘት ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይኖርበታል። ሌሊት ላይ ብርድ ብርድ ሲለው፣ ጎኑን ሲወጋው ወይም ሽንቱ ሲያቃጥለው በቅርብ የሚያገኘው ከፎቁ ሥር ያለውን መድኃኒት ቤት ነው። ስለዚህ የንቅለ ተከላው ዕጣ በከፊል የሚወሰነው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሳይሆን በዚህ ባንኮኒ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካፒታሉና የሥራ ማስኬጃው

በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን ከተማ ነው። ዶክተር ጆሴፍ መሪ የአንዱን መንትያ ኩላሊት ለሌላው ተከሉ። መንትዮቹ ፍጹም ተመሳሳይ ስለነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቆጠረውም። በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ባቋቋመው ማዕከል ነው። መሠረቱም በሕይወት ያለ ዘመድ የሚሰጠው ኩላሊት ነው። ከዚያ በፊት አቅሙ ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር፤ የሌለው ደግሞ በእጥበት መኖር ነበረበት፤ ለእርሱም ቢሆን ገንዘቡ እስካለ ድረስ።

እጥበቱን በሒሳብ እንመልከተው። በሳምንት 2 ጊዜ የሚታጠብ ሰው በዓመት 104 ጊዜ፣ 3 ጊዜ የሚታጠብ ደግሞ 156 ጊዜ ማሽኑ ላይ ይተኛል። አንዱ እጥበት 4 ሰዓት ይወስዳል ቢባል በዓመት ከ416 እስከ 624 ሰዓት ይሆናል። የመመላለሻው፣ የአስታማሚውና ከሥራ የመቅረቱ ኪሣራ በዚህ ውስጥ የለም። ንቅለ ተከላ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በኢኮኖሚ ቋንቋ ብንለው፣ በአንድ ጊዜ ከፍ ያለ ካፒታል አፍስሶ የየሳምንቱን ወጪ ማስቀረት ማለት ነው። ካፒታሉም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የወንድም፣ የእህት፣ የእናት ወይም የአባት ኩላሊት ነው። በሌላ ብር የሚተካ ዕቃ አይደለም።

የሥራ ማስኬጃ ወጪ ግን ይቀራል። ከመንትያ በስተቀር ማንኛውም ሰውነት ባዕድ ኩላሊትን ለማስወጣት ይታገላልና ተቀባዩ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ኩላሊቱ እስካለ ድረስ መውሰድ አለበት። በቀን 2 ጊዜ የሚዋጠው ብቻ በዓመት 730 ጊዜ ይዋጣል። ወጪውን መንግሥት ቢሸፍነውም ቤተሰብ ቢሸፍነውም ወጪ ነው፤ መድኃኒቱም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። የእነዚህ መድኃኒቶች ሥራ የሰውነትን ዘበኛ ማስተኛት ነው። ዘበኛው ከተኛ ኩላሊቱ በሰላም ይኖራል፤ ሌባው ሲመጣ ግን የሚጮህ የለም።

ደም ውስጥ ሲገባ

ኩላሊት በተተካላቸው ሰዎች ላይ የሚደርሰው የደም ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሽንት መስመር ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሽንት ካቴተር ይገባል፤ የተተከለውን ኩላሊት ከፊኛ ጋር የሚያገናኘውን አዲስ መስመር ለመደገፍም ብዙውን ጊዜ ቀጭን ቱቦ ይደረጋል። በደም ሥር የሚገቡ ሌሎች ቱቦዎችም አሉ። ባክቴሪያዎች በእነዚህ ላይ ተጣብቀው ይራባሉ። ከአንጀት የሚነሡት ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ ዋነኞቹ ናቸው። ሲውዶሞናስ፣ አሲኔቶባክተርና ስታፊሎኮከስም በሆስፒታል ውስጥ አድፍጠው የሚጠብቁ ናቸው።

የጊዜ ሰሌዳም አለው። ከንቅለ ተከላው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የሚያጠቃው በአመዛኙ የሆስፒታል ባክቴሪያ ነው። እስከ 6ኛው ወር ድረስ መከላከያው ከሁሉ ይበልጥ የሚዳከምበት ጊዜ በመሆኑ ጤነኛ ሰው ላይ ከቁጥር የማይገቡ ጀርሞች ሁሉ ይደፍራሉ። ከ6 ወር በኋላ ሰውየው ወደ ሰፈሩና ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያገኘው የሰፈሩን ባክቴሪያ ነው። የኮዬ ፈጬ ባንኮኒ ወደ ሒሳቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩ ሲፕሮፍሎክሳሲንን እንደ ከረሜላ የሚወስድ ከሆነ የሰፈሩ ኢ. ኮላይም ሲፕሮፍሎክሳሲንን ለምዶ ይጠብቀዋል።

አደጋውን የሚያከብደው ሌላው ነገር ምልክቱ መደበቁ ነው። ፕሬድኒሶሎንና ጓደኞቹ ትኩሳትን ሊያፍኑ ይችላሉ። ጤነኛውን ሰው አልጋ ላይ የሚጥል ኢንፌክሽን ንቅለ ተከላ ያለበትን ሰው ድካም ብቻ ሊያሰማው ይችላል። በሽታው ሲገለጥ የደም ግፊት የሚወርድበትና አዲሱ ኩላሊት ደም የሚያጣበት ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ሰዓት እንጂ ቀን አይደለም።

ሐኪሙ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው በግምት መጀመር ነው። የደም ካልቸር ምርመራ ባክቴሪያውን ለይቶ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለመናገር ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ይፈልጋል። በሽተኛው ግን ያን ያህል አይጠብቅም። የመጀመሪያው ግምት ትክክል ከሆነ ሰውየውም ኩላሊቱም ይተርፋሉ። ባክቴሪያው የተሰጠውን መድኃኒት የለመደ ከሆነ ግን እነዚያ ቀናት ሙሉ በሙሉ ባክነዋል ማለት ነው።

ግምቱ የሚሳሳትበት ዕድል ምን ያህል ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2023 በላቦራቶሪ ከተረጋገጡት የባክቴሪያ ኢንፌክሽኖች በዓለም ከ6ቱ 1ዱ፣ በአፍሪካ ክልል ደግሞ ከ5ቱ 1ዱ መድኃኒት የተላመደ ነበር። ለሦስተኛው ትውልድ ሴፋሎስፖሪኖች ሲታይ ነገሩ ይብሳል። በዓለም ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ኢ. ኮላይና ከ55 በመቶ በላይ የሚሆነው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ አይበገርላቸውም፤ በአፍሪካ ክልል አኃዙ ከ70 በመቶ ያልፋል። ሴፍትሪያክሶን ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ከማናቸውም መርፌ ቀድሞ የሚነሣውም እርሱ ነው።

የመድኃኒት መሰላል

ሴፍትሪያክሶን ካልሠራ ሐኪሙ መሰላሉን ይወጣል። ቀጣዩ እርከን ሜሮፔነም ነው። ሴፍትሪያክሶን በቀን 1 ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ሜሮፔነም ግን ኩላሊቱ በደንብ በሚሠራ ሰው ላይ በተለመደው መጠን በየ8 ሰዓቱ፣ በቀን 3 ጊዜ ይሰጣል። ለ14 ቀን ሕክምና ሲባዛ 42 ጊዜ ይሆናል። የአንዱ ብልቃጥ ዋጋ ከሴፍትሪያክሶን የበለጠ ነው፤ ቁጥሩም የበለጠ ነው፤ በዚያ ላይ ከቤት ሆኖ የሚወሰድ ስላልሆነ አልጋ፣ ነርስና መርፌ ይከተሉታል። ወጪው የሚያድገው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው።

ሜሮፔነምም ካልሠራ የሚቀረው ኮሊስቲንን የመሰለ የመጨረሻ እርከን ነው። የኮሊስቲን ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሥራ ላይ ውሎ ነበር፤ በ1970ዎቹ ግን ሐኪሞች ወደ ጎን አደረጉት። ምክንያቱ ኩላሊት መጉዳቱ ነው። ሌሎቹ መድኃኒቶች አንድ በአንድ ሲሸነፉ ከተጣለበት ተነሥቶ ተመለሰ። ጄንታማይሲንና አሚካሲንም በተመሳሳይ መንገድ ኩላሊት ይጎዳሉ። እንግዲህ የእህቱን ኩላሊት ይዞ የሚኖር ሰው ደሙ በተላመደ ባክቴሪያ ሲመረዝ የሚቀርብለት ምርጫ ይህ ነው፦ ሕይወቱን ለማትረፍ ኩላሊቱን አደጋ ላይ መጣል። ከተሳካለት ይድናል። ኩላሊቱ ካልቆየ ግን ወደ 104ቱ ወይም ወደ 156ቱ እጥበት ይመለሳል። ቤተሰቡ ያፈሰሰው ካፒታል ጠፋ፤ የሰጪዋ ኩላሊት ግን ወደ እርሷ አይመለስም።

ከዚህ ሌላ እምብዛም የማይነገር የባንኮኒ አደጋ አለ። ለጉንፋን ወይም ለጉሮሮ ተብለው የሚሸጡት ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ከፍ ያደርጉታል፤ ከልክ ያለፈ ታክሮሊመስ ደግሞ ራሱ ኩላሊት ይጎዳል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው መጠኑን ያወርደዋል፤ ዘበኛውም ነቅቶ ኩላሊቱን ያጠቃል። «የጉሮሮ መድኃኒት ስጠኝ» ብሎ የሚገባ ደንበኛ ንቅለ ተከላ እንዳለው ካልተናገረ፣ ሻጩም ካልጠየቀ፣ በጥቂት ብር የተገዛ እሽግ ትልቅ ኪሣራ ሊያስከትል ይችላል።

አስመጪው ለምን አያመጣም?

የገበያ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ፈላጊ ካለ አቅራቢ ለምን ይጠፋል? መልሱ ፈላጊው ጥቂት፣ ጥድፊያው ግን ብዙ መሆኑ ነው። አሞክሳሲሊን የሚያመጣ አስመጪ ዕቃው ቶሎ እንደሚዞር ያውቃል። የመጨረሻ እርከን መርፌ የሚያመጣ አስመጪ ግን ስንት በሽተኛ በየትኛው ወር እንደሚፈልገው አያውቅም። ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። የመንግሥቱ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ቢሆን ግዢውን የሚያቅደው ጤና ተቋማት በሚልኩት ፍላጎት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ የካልቸር ምርመራ የማይሠራ ሆስፒታል ደግሞ የትኛው መድኃኒት እንደሚያስፈልገው በውል ሊጠይቅ አይችልም።

በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ ተጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለውጡ ምንዛሪ ለማግኘት የነበረውን ወረፋ ለማሳጠር የታሰበ ነው። ሆኖም ከውጭ ለሚገባ መርፌና ለካልቸር ምርመራ ለሚያስፈልገው ግብዓት የሚከፈለው ብር ማደጉ አልቀረም።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 አካኦጀን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕላዞማይሲን የተባለ አዲስ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አስፈቀደ፤ መድኃኒቱም የተፈቀደው በትክክል ለተወሳሰበ የሽንት መስመር ኢንፌክሽን ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 2019 ኩባንያው ለኪሣራ ፍርድ ቤት ቀረበ። አዲስ መድኃኒት ሲገኝ ሐኪም ለክፉ ቀን ያስቀምጠዋል፤ የተቀመጠ መድኃኒት ደግሞ አይሸጥም። እንግሊዝ ይህን ተረድታ በ2022 ሌላ መንገድ ጀመረች። ለሁለት መድኃኒቶች፣ የተሸጠው መጠን ቢያንስም ቢበዛም፣ ለእያንዳንዳቸው በዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተዋዋለች። እሳት ባይነሣም የእሳት አደጋ ሠራተኛው ደመወዝ እንደሚከፈለው ማለት ነው።

ለኮዬ ፈጬ ጎረቤት የሆነው የቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 የተዘረጋው የመድኃኒት ማምረቻ ልማት ስትራቴጂም ዓላማው የአገር ውስጥ ምርትን ማስፋት ነበር። ይህ በጎ ነው፤ ግን ሁለት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ፣ ጥሬ ዕቃው በአመዛኙ ከሕንድና ከቻይና የሚመጣ በመሆኑ ምርቱ ከምንዛሪ ጥገኝነት ገና አይላቀቅም። ሁለተኛ፣ ፀረ ባክቴሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ፍሳሽ በአግባቡ ካልተጣራ ራሱ የተላመደ ባክቴሪያ መፈልፈያ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ላይ የመጀመሪያውን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ነው። ፋብሪካ ገና በሚተከልበት ቦታ ማጣሪያውን አብሮ መትከል ኋላ ከመጨመር ይረክሳል።

ሃምሳ ሎሚ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በፀረ ባክቴሪያ ገበያ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ሃምሳ ሰው በየፊናው ጥቂት ጥቂት ያጠፋል፤ ጥፋቱ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጫናል።

ከሃምሳዎቹ አንዳቸውም ሞኝ አይደሉም። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ካርድ ማውጣት፣ ግማሽ ቀን መቆምና ምርመራ መክፈል ያስፈልጋል። መድኃኒት ቤት ግን ገንዘብ ያለው ሰው በ5 ደቂቃ ይስተናገዳል። ገንዘብ ያነሰው ደግሞ ሙሉውን ትቶ ግማሽ እሽግ ይገዛል፤ ሲሻለው ያቆማል፤ የተረፈውን ለጎረቤት ያውሳል። ሻጩም ቢሆን የሱቅ ኪራይ አለበት። «የሐኪም ማዘዣ አምጣ» ብሎ የመለሰው ደንበኛ ቀጥሎ ካለው መድኃኒት ቤት ገዝቶ ሲወጣ ያየዋል። ሕጉ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለማዘዣ እንዳይሸጥ ይላል፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም በሥራ ላይ ነው። ነገር ግን ሕግ አክባሪው ነጋዴ ደንበኛ የሚያጣበት፣ ጣሹ የሚያተርፍበት ገበያ ሕጉን በራሱ ጊዜ አያስከብርም።

ሌላው የዕዳው ምንጭ በረት ነው። ሰበታ፣ ሱሉልታና ቡራዩ አዲስ አበባን ወተት ከሚመግቡት አካባቢዎች ውስጥ ናቸው። በአገሪቱ የከብት ሕክምና ኦክሲቴትራሳይክሊን በሰፊው ይሠራበታል። የላሟ ባክቴሪያና የሰው ባክቴሪያ ደግሞ የመለማመድን ዘር ይዋዋሳሉ። ቻይና በ2015 በአሳማና በሥጋ ውስጥ ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ዘር ከተገኘ በኋላ፣ በ2017 ኮሊስቲን እንስሳትን ለማፋፊያ እንዳይውል ያገደችው ለዚህ ነው። በእኛ በኩል የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚያው ሰበታ ነው። የክትትሉ አቅም ከበረቱ ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

የውጭ ሕክምናም በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። በ2008 እ.ኤ.አ. በሕንድ ሆስፒታል ታክሞ ወደ ስዊድን በተመለሰ በሽተኛ ላይ የተገኘው፣ ሜሮፔነምንና ዘመዶቹን የሚያፈርስ ኢንዛይም ዛሬ በብዙ አገሮች አለ፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ተገኝቷል። ባክቴሪያ ፓስፖርት አያስፈልገውም።

ጠቅላላ ድምሩ ምን ያህል ነው? ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን በቀጥታ ገድለዋል፤ 4.95 ሚሊዮን ሞት ደግሞ ከእነርሱ ጋር ተያይዟል። የዓለም ባንክ በ2017 ባወጣው ስሌት ነገሩ ከተባባሰ በ2050 የዓለም ዓመታዊ ምርት በ3.8 በመቶ፣ ቀለል ቢል በ1.1 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። በከፋው ግምት ደሀ አገሮች የሚያጡት ከ5 በመቶ በላይ ነው።

ርካሹ መፍትሔ

መልካሙ ዜና ከመፍትሔዎቹ ብዙዎቹ ከሜሮፔነም የሚረክሱ መሆናቸው ነው። ካቴተርን በማያስፈልግበት ቀን ማውጣት ዋጋ የለውም። እጅ መታጠብ ሳሙናና ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃ በወረፋ በሚመጣበትና ጀሪካን በሚደረደርበት ኮንዶሚኒየም ግን ውኃውም የጤና በጀት ተደርጎ መታየት አለበት። የመጀመሪያው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ለካልቸር ደም መቅዳት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ውጤቱ ሲመጣ ሰፊውን መድኃኒት ትቶ ወደ ጠባቡና ወደ ርካሹ መመለስ ያስችላል። አንድ የካልቸር ምርመራ 42 ብልቃጥ ሜሮፔነም የሚያስቀር ከሆነ ወጪ ሳይሆን ቁጠባ ነው።

መንግሥትም ባዶ እጁን አይደለም። የመጀመሪያው የፀረ ተሕዋስያን መላመድ መከላከያ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ሦስተኛው ከ2021 እስከ 2025 ያለውን ጊዜ የሸፈነ ነበር። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በ2017 በተመረጡ ላቦራቶሪዎች አገራዊ ክትትል ጀምሯል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመስከረም 2024 ባጸደቀው መግለጫ ደግሞ በ2030 በዓለም ለሰው ከሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ ቢያንስ 70 በመቶው አሞክሳሲሊንን ከመሰለው መሠረታዊ ምድብ እንዲሆን ግብ ተቀምጧል። ሴፍትሪያክሶን የሚመደበው ቁጥብነት በሚያሻው ምድብ ውስጥ ነው። እነዚህ ሰነዶች ኮዬ ፈጬ የሚደርሱት ግን የመድኃኒት ቤት ተቆጣጣሪው በየሱቁ ዞሮ የማዘዣውን መዝገብ ከሽያጩ ጋር ሲያመሳክር ብቻ ነው። ቁጥጥሩ ሁሉንም እኩል ከነካ ሕግ አክባሪው ነጋዴ ደንበኛ አያጣም፤ ውድድሩም በአገልግሎት እንጂ በቸልታ አይሆንም።

ንቅለ ተከላ ያለበት ሰው በበኩሉ ገበያው እስኪስተካከል ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የማለት ስሜት ሲመጣ፣ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከመድኃኒት ቤት በፊት ወደ ማዕከሉ ስልክ መደወል፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር በኪሱ መያዝ፤ በየትኛውም ክሊኒክ ሲገባ ከስሙ ቀጥሎ «ኩላሊት ተተክቶልኛል» ማለት። ይህ ሁሉ የስልክ ሒሳብና አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ለሌላው ነዋሪ የሚቀረው ከዚህም ያነሰ ነው። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን አለመግዛት። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ መድኃኒቱ አይነካውም፤ ገዢው ገንዘቡን ይቆጥባል እንጂ የሚያጣው ነገር የለም። በዚህ ገበያ ውስጥ ከራስ ኪስ ሳይወጣ ለጎረቤት ኩላሊት የሚደረግ ሌላ እንዲህ ያለ ርካሽ አስተዋጽኦ ማግኘት ያዳግታል።